ጭስ የማያውቅ ጣሪያ

አባቦራ ሰው ቤት ሲሄድ እንኳ መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያያል ይባልለት ነበር። እውነት ነው፤ ያይ ነበር። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ቆም ብሎ ጉንጩን ወዲህ ወዲያ ይመልሳል። ሲራመድ ኮቴው አይሰማም። ሚስቱ ፈድሊያ ዞር ስትል ከኋላዋ ቆሞ እያገኘችው ስንቱን እንስራ ሰበረች! "ወላሂ አንድ ቀን ልቤን ቀጥ ታደርጋታለህ! እንደ ሰው አስል እንጂ፣ እንደ ሰው በሩን አንኳኳ እንጂ!" ትለዋለች። እሱ ይስቃል፤ ሳቁም ድምፅ የለውም።

ይህን ሁሉ ያስተማረው ጫካው ነው። ቤቱ ከአጋሮ ወጣ ብሎ፣ የቡናው ጥላ አልቆ ትልቁ ደን በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነበር። አባቱ አዳኝ ነበር፤ አያቱም እንዲሁ። የያዙት ግን ቀስት እንጂ ጠመንጃ አልነበረም። "ጠመንጃ አንዱን ገድሎ መቶውን ያባርራል" ይል ነበር አባቱ፤ "ቀስት አንዱን ወስዶ ሌላውን በግጦሹ ላይ ይተወዋል። ደግሞም ድኩላን በቀስት ለመጣል ሽፋሽፍቱን እስክታይ መቅረብ አለብህ። ያን ያህል የቀረብከውን ደግሞ ሁልጊዜ አትገድለውም።"

ፍላጻው ከእጅ ከመውጣቱ በፊት "ቢስሚላህ" ይባላል፤ ካልተባለ ሥጋው አይበላም። ይህንን ማንም ያውቀዋል። የአባቦራ አባት ግን የራሱን ጨመረበት። "ጮክ ብለህ ካልከው እንስሳው ይሸሻል፤ በችኮላ ካልከው ክንድህ ይንቀጠቀጣል። በትንፋሽህ በለው፤ እስከ መጨረሻው በለው። ጨርሰህም እንስሳው ከቆመ ያንተ ነው፤ ከሄደም አልተጻፈልህም።" አባቦራ ዕድሜውን ሁሉ በዚያች ትንፋሽ ልክ ኖረ። ሰው ሲያስቆጣው እንኳ ያችን ታህል ዝም ብሎ ይቆይና ነው የሚመልሰው። የአጋሮ ገበያ ነጋዴዎች ጆሮው የከበደ ይመስላቸው ነበር።

እንዲህ ሲኖር ደርግ መጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም "መሣሪያ ያለህ አስገባ" የሚል አዋጅ በገበሬ ማኅበሩ ተለፈፈ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሸኩር ነበር፤ የጎረቤት ልጅ፣ አባቦራ ድኩላ በጣለ ቁጥር ወርች ይላክለት ከነበረ ቤት የወጣ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ከበላይ የሚፈራው ብዙ ሆኖ እንጂ።

አባቦራ ጦሩንና የፍላጻ ኮሮጆውን ይዞ መጣ።

"ቀስቱስ አባቦራ?" አለ ሸኩር።

"ተሰበረ።"

"መቼ ነው የተሰበረው?"

"የተሰበረ ዕለት።"

ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ፤ ሸኩርም ሳቀ። ቀስት የሌለው ፍላጻ ምን ያደርጋል ብሎ ከተበላሹት ጠመንጃዎች ጎን ወረወረው።

ያን ዕለት ማታ አባቦራ ከአባቱ የወረሰውን ቀስት በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ከጣሪያው ውስጥ፣ ከጉልላቱ አጠገብ፣ በሁለት የሣር ንብርብር መካከል ሰፍቶ ደበቀው። ፈድሊያ መሰላሉን ይዛለት ነበር።

"ዋሽተሃል" አለችው ከታች።

"አንድ ቀን መሰበሩ አይቀርም። እኔ አስቀድሜ ተናገርኩት እንጂ።"

"ረቢ ይህን ይቀበልሃል?"

አባቦራ መርፌውን ሳበ። የአባቱ ቀስት ነው። ደኑ ደግሞ እዚያው ደጁ ላይ ነው። ነገሩ ረገብ ሲል ያወጣዋል፤ ቢዘገይ ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ ነው።

ነገሩ ግን አልረገበም፤ ይባስ ብሎ ጠበቀ። በሰባ ስምንት የመንደር ምስረታ መጣ። በየቡናው ሥር ተበታትኖ የኖረ ሰው ሁሉ ቤቱን እያፈረሰ ከመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ በረድፍ በረድፍ እንዲሠራ ታዘዘ። ጣሪያ ግን አይፈርስም፤ ከግድግዳው ላይ ተነሥቶ፣ ከሥሩ ጠርብ ገብቶለት፣ ወንዱ ሁሉ በደቦ ተሸክሞት ይወርዳል። ከሩቅ ለሚያየው ቤቱ ራሱ እግር አውጥቶ ቁልቁል የሚሄድ ይመስላል።

የአባቦራ ጣሪያ ለብቻው የሚታይ ነበር። ሣሩን ከደን ውስጥ መርጦ ነው ያጨደው፤ ክዳኑንም እንደ ስፌት ነው የከደነው። ሜዳው ጋ ሲደርስ፣ ከአውራጃ የመጣ አንድ ካድሬ ጥላ ሥር ቆሞ ያያል። የገበሬ ማኅበሩ አዲስ ጽሕፈት ቤት ግድግዳው ቆሟል፤ ይመጣል የተባለው ቆርቆሮ ግን አልመጣም።

"ይህን የመሰለ ጣሪያ የማን ነው?" አለ ካድሬው።

"የአባቦራ ነው፣ ጓድ" አለ ሸኩር።

"ለጽሕፈት ቤቱ ይሁን። ለሰውዬው ሌላ ሣር ይፈለግለት።"

ተሸካሚዎቹ አቅጣጫ ቀየሩ። አባቦራ አንዱን ጠርብ ይዞ ከመካከል ነበር፤ ትከሻው ከሌላው ትከሻ ጋር አብሮ ዞረ። ሊናገር አፉን ከፈተ። ትንፋሹን እስኪጨርስ ግን ጣሪያው ከጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተቀምጧል። ከአዋጅ የተሸሸገው ቀስት፣ አዋጁን ካወጁት ሰዎች ራስ በላይ ተንጠለጠለ።

"እንኳን ደስ ያለዎት አባቦራ!" አለ ሸኩር ከልቡ። "ፈድሊያ፣ እልል በሉ እንጂ! ከመንደሩ የተመረጠው የናንተ ነው!"

ፈድሊያ እልል አለች። የሰሙት ሴቶች፣ ይህች ሴት እያለቀሰች ነው ወይስ እልል እያለች ብለው ተያዩ።

አባቦራ በአንድ ቀን ሁለት ነገር ተነጠቀ። ደኑ ከደጁ ርቆ፣ ከሜዳው ማዶ ጥቁር መስመር ሆነ። ከመንደሩ ለመውጣት ሊቀመንበሩን ማስፈቀድ ግድ ነው፤ ፈቃዱም ለጤና ጣቢያ፣ ለገበያና ለለቅሶ ነው እንጂ "ደን ልሄድ ነው" ለሚል ሰው አይሰጥም። ደን የሚገባ ሽፍታ ነው። ቀስቱ ደግሞ ቢገኝ፣ ጣሪያው የማን እንደነበረ የማያውቅ የለም።

ስለዚህ አባቦራ የሚያውቀውን አደረገ፤ አደባ። አውሬ ውኃ የሚወርድበትን ያወቀ አዳኝ ሌላ ቦታ አይሄድም። የጽሕፈት ቤቱ የቀን ዘበኛ ሲፈለግ "እኔ ልሁን" አለ። ሰው ተገረመ። ሌሊቱን ሚሊሺያ ይጠብቀዋል፤ ቀን አባቦራ ከበሩ ይቀመጣል። ብቻውን የሚሆንበትን አፍታ እየጠበቀ ነው። ያ አፍታ ግን አልመጣም። ባለጉዳይ ይገባል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ከመንገዱ ላይ ሁሉም ሰው ያያል። መሰላል ቢያቆም ጣሪያውን መቅደድ አለበት፤ የተቀደደ ጣሪያ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይናገራል።

በየስብሰባው መካከል ላይ፣ ልክ ከጉልላቱ ሥር ይቀመጣል። ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ሸኩር አንድ ቀን ለተሰብሳቢው፣ "አባቦራን ተመልከቱ!" አለ። "እናንተ አንገታችሁን ደፍታችሁ ታንቀላፋላችሁ፤ እኚህ አባት ግን ቀና ብለው ነው የሚያዳምጡት!" ሰው አጨበጨበ። አባቦራም አጨበጨበ። ፈድሊያ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

አንድ ክረምት አለፈ፤ ሌላም ተከተለ። እግሩ ዳገት ረሳ። ድሮ ከነፋሱ ጠረን ዝናብ የሚመጣበትን ጎን ይለይ ነበር፤ አሁን ጠረኑ ሁሉ የሰው፣ የቀለምና የመንገድ አቧራ ሆነበት። ዝንጀሮዎቹ ቡናውን ሊለቅሙ ሲወርዱ የጥበቃው ቆርቆሮ ሲደበደብ ይሰማል፤ የእሱ ጆሮ ግን ከቆርቆሮው ባሻገር ያለውን ነው የሚፈልገው። አባቱ ስለ ወጥመድ የነገረው ትዝ ይለዋል፦ ገመዱ የሚጠብቀው በሚጎትት እንስሳ ላይ ነው። እሱ ግን አልጎተተም፤ ራሱ ገብቶ ነው የተቀመጠው።

በየማለዳው ሥራው ጽሕፈት ቤቱን መጥረግ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተበትኖ ያገኛል። የመንገዱ አቧራ ይሆናል ብሎ በመጥረጊያ ያራግፈዋል፤ በማግስቱ እንደገና አለ። የተረገጠ ሣር አይቶ ድኩላው ከጠዋት ያለፈ ይሁን ከቀትር የሚለይ ሰው፣ ይህን ምልክት አላነበበውም።

በሦስተኛው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ውኃው ከጉልላቱ ሥር ገብቶ ልክ ከሊቀመንበሩ መቀመጫ ላይ ወረደ። ሸኩር ወንበሩን ቢያዞር ተከተለው።

"ይገለበጥና በአዲስ ሣር ይከደን" ብሎ አዘዘ። "አባቦራ፣ ጣሪያው የእጅዎ ሥራ አይደል? እርስዎ ላይ ይውጡ፤ ሌላው ከታች ይቀበል።"

አባቦራ መሰላሉን ወጣ። ስንት ዘመን የፈለገው መሰላል በቀትር፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆመለት። ከታች ሸኩር እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያል። ከሸኩር ጎን ሆሴዕ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል፤ ሆሴዕ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ማኅበሩ ሚሊሺያ ያደረገው፣ ሰው "ጴንጤው" የሚለው ዝምተኛ ሰው ነው። ፈድሊያ ከሴቶቹ መካከል ሆና ሣር እያሰረች ነው፤ እጇ ግን አይሠራም።

አባቦራ ሣሩን እየነቀለ ወደ ጉልላቱ ተጠጋ። የኮባውን ቅጠል አገኘው፤ እንደ ሸረሪት ድር በጣቱ ላይ ተበተነ። እጁን ሰደደና ቀስቱን ያዘ። ቀለለው። ገና ሳብ ሲያደርገው ቀጭ አለ፤ ድምፁ የእንጨት እንኳ አልነበረም፤ የደረቀ ዳቦ ሲፈረፈር የሚሰማ ነው። መዳፉ ውስጥ የቀረው በቀዳዳ የተሞላ ስብርባሪ ነው፤ ከቀዳዳው ነጩ ዱቄት ይፈስሳል።

በየማለዳው የሚጠርገው የአባቱን ቀስት ነበር።

ያኔ ገባው። የሰው ቤት ጣሪያ ሁልጊዜ ከሥሩ እሳት አለው፤ ጭሱ ሣሩንም እንጨቱንም ያጠቁረዋል፣ እንጨት የሚበላው ትል፣ ቁንቁን፣ አይደፍረውም። ከአያቱ ለአባቱ የተላለፈው ቀስት ያን ሁሉ ዘመን የኖረው በጭስ ነው። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግን ማን እሳት ያነዳል? አባቦራ እሳት በሌለበት ቤት ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ አላሰበውም።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ሸኩር ከታች።

አባቦራ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ።

"ማገር ነው። ቁንቁን በልቶታል።"

ስብርባሪውን ከአሮጌው ሣር ጋር ወረወረው። ከሸኩር እግር ሥር ወደቀ። ሸኩር በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው፤ ብን አለ። "ተሰበረ" ብሎ የዋሸው ነገር እውነት ሆነ፤ ያውም ሊቀመንበሩ ራሱ እያየ። ፈድሊያ ከታች ቀና ብላ አየችው፤ እንባዋን በአቧራ አሳበበች።

መፍራት ነበረበት፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣም። በምትኩ መጨበጫ ያጣ እጁን አየ። ከዚያ ዓይኑ ከሜዳው ማዶ ወዳለው ጥቁር መስመር ሄደ። ከጣሪያው ላይ ሆኖ ከሦስት ክረምት ወዲህ ይህን ያህል አጥርቶ አይቶት አያውቅም ነበር። አንድ ሌላ ማገር በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው እሱም ዱቄት አፈሰሰ።

"ጓድ ሸኩር!" ብሎ ተጣራ። "ማገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው። በዚህ ላይ አዲስ ሣር ብታለብሰው ራስህ ላይ ነው የሚወርደው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"አዲስ እንጨት። የባሕር ዛፍ አይሆንም፤ ይሰነጠቃል። ከደን ነው።"

ሸኩር ደኑን አየ፣ አባቦራን አየ። ቀጥሎ የራሱን እርጥብ ወንበር አየ። "ሆሴዕ አብሮዎት ይሂድ። ጀንበር ሳትጠልቅ እዚህ!"

ሁለቱ በማግስቱ ጠዋት ወጡ። አባቦራ ከፊት፣ ጠመንጃው ከኋላ። ከትልልቆቹ ዋንዛዎች ሥር ሲደርሱ አባቦራ ቆመ፤ ጉንጩን ወዲህ ወዲያ መለሰ። ነፋሱ ከፊት ነው።  ጉሬዛዎቹ ከላይ እየዘለሉ ጠብታ አዘነቡባቸው።

ከኋላው ዜማ ሰማ። ሆሴዕ ነው፤ በራሱ ቋንቋ ይዘምራል። መጀመሪያ በአፍንጫው ነበር፤ ቀጥሎ በሙሉ ድምፁ።

"አንተ! ድምፅህ እንዲህ ነው እንዴ?"

ሆሴዕ ደንግጦ አቆመ። "ይቅርታ አባቦራ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ... እዚያ ታች አፌን ስከፍት ጎረቤት ይሰማል።"

"እዚህ የሚሰማህ ጉሬዛ ነው። እሱ ደግሞ የማኅበሩ አባል አይደለም። ዘምር።"

ሆሴዕ ሳቀና ቀጠለ። አባቦራ ማገር እየመረጠ ይቆርጣል፣ እሱ እየዘመረ ያስራል። ቆየት ብሎ አባቦራ መዳፉን ወደ ኋላ ዘረጋ። ሆሴዕ ምልክቱ ገብቶት ዝም አለ።

ገላጣው ላይ ድኩላ ቆሟል። ወንድ ነው፤ ጀርባው ላይ ያሉት ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ። አባቦራ አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ሁለተኛ። እግሩ ዳገት ቢረሳም ኮቴውን መደበቅ አልረሳም። ሽፋሽፍቱን አየው። የግራ እጁ ባዶውን ተነሣ፤ ቀኙ ምንም ያልያዘ ጣቱን ወደ ጆሮው ሳበ። ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ ቢስሚላህን ጀመረ፤ እስከ መጨረሻው አለው። ጨረሰ። ድኩላው እንደ ቆመ ነው።

አባቱ ቢኖር "ያንተ ነው" ይለው ነበር።

አባቦራ ጣቶቹን ፈታ። ድኩላው ጆሮውን አራግፎ ቀስ እያለ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ሆሴዕም ከኋላ ጠመንጃውን አላነሣም።

"አባቴም እንዲህ ያደርግ ነበር" አለ ሆሴዕ በሹክሹክታ። "እሱ ግን ቀስት ይይዝ ነበር።"

 አባቦራ ከገላጣው ዳር ወደ አንድ የለንቋጣ ዛፍ ሄደ፤ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው። አባቱ ቀስት የሚቆርጠው ከዚህ ዘር ነው። በስንዝሩ ለካው፣ በጉልበቱ ገፍቶ አጎበጠው። ቆረጠውና ከማገሮቹ መካከል አስገባው።

ሆሴዕ አወጣው። በሁለት እጁ መዘነው።

"ይህ ለማገር አይወፍርም?"

"ለጉልላቱ ነው።"

"አባቦራ፣ እኔ ቤት ሠርቼ አውቃለሁ እኮ።"

 አባቦራ ያችን የለመዳትን ትንፋሽ ያህል ቆየ፤ አለቀችበት፤ የሚናገረው ግን አልመጣለትም። ሆሴዕ እንጨቱን ከጠመንጃው ጎን ትከሻው ላይ ጣለው።

"ይህን እኔ ልያዝልዎት። ጠመንጃ የያዘን ማን ይፈትሻል?"

ገና ጀንበር ሳታዘነብል አባቦራ ጥላውን አየ፤ "እንሂድ" አለ። ሆሴዕ "ጊዜ አለን እኮ" ቢለውም እግሩ መውረድ ጀምሮ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ታወቀው፦ ማንም አልጠራውም። ማንም ሳይጠራው እየተጣደፈ ነው። ይህ ከቀስቱ መሰበር ይልቅ አሳዘነው፤ ግን አልቆመም።

ጣሪያው ተከደነ። ለንቋጣው ከጉልላቱ ሥር፣ ከአሮጌው ቀስት ቦታ ታሰረ። አባቦራ ከመሰላሉ ወርዶ እጁን አራገፈና ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

"አንድ ነገር ቀርቷል። እሳት።"

"የምን እሳት?"

"ቤት ያለ ጭስ አይቆምም። አሮጌውን ምን እንደበላው አይተሃል። ወይ ከሰዓት ከሰዓት እሳት ላንድድበት፣ ወይ በየሁለት ክረምቱ ጣሪያ ቀይር።"

ሸኩር አሰበ። ወንበሩ አሁንም አልደረቀም። "እሺ። ትንሽ ብቻ።"

ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ስብሰባ በጭስ ውስጥ ሆነ። አባቦራ ከመካከል ተቀምጦ እርጥብ ጉቶ ይገፋል። ተሰብሳቢው ያስላል፣ ዓይኑን ያሻል።

"አባቦራ፣ አሳወሩን እኮ!" ይላል ሸኩር።

"ለጣሪያው ነው ጓድ ሊቀመንበር።"

"ሲያለቅሱ ያየ እንግዳ ንግግሬ ልባቸውን ነክቶት ይመስለዋል" ብሎ ሸኩር ራሱ ይስቅ ነበር።

ፈድሊያ አንድ ማታ ጠየቀችው። "እንጨቱ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?"

"በደንብ እንዲጠቁር? ሁለት ክረምት። ምናልባት ሦስት።"

"ያኔ ክንድህስ?" አለችው። "እንጨቱ ሲደርስ ክንድህ ይኖራል?"

 ከማግስቱ ጀምሮ አባቦራ ባለጉዳይ ሲያልቅ ጠረጴዛውን በመዳፉ ያብስና መዳፉን ያያል። ንጹሕ ነው፤ ዱቄት የለም። ከዚያ ከጭሱ መካከል ይቆምና ግራ እጁን ይዘረጋል፤ ቀኙን ቀስ አድርጎ ወደ ጆሮው ይስባል። ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይይዘዋል። በተከፈተው በር ደኑ ማዶ ሆኖ ይታያል።

አንድ ከሰዓት ሸኩር ሳይታሰብ ገባ።

"ምን እያደረጉ ነው አባቦራ?"

"ትከሻዬ ነው። ተሳስሮብኝ አፍታታዋለሁ።"

"ታዲያ በዚህ ጭስ ውስጥ ከሚታፈኑ፣ ወደ ሜዳው ወጣ ብለው ነፋስ አይነካዎትም?"

አባቦራ እጁን አወረደ። ጎንበስ ብሎ ጉቶውን ወደ እሳቱ ገፋ አደረገው።

"ዘበኛ አይደለሁ እንዴ" አለ። "ቦታዬን ለቅቄ የት እሄዳለሁ?"